ትንሿ ጊታር ከኪት ወይስ ከቁራጭ እንጨት? ሁለቱንም ሠርቼ ያየሁት

ሁለት ትንንሽ ጊታሮች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱም የመደበኛ አኮስቲክ ጊታር አንድ አራተኛ ናቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። አንደኛዋን የሠራኋት ክፍሎቹ ተዘጋጅተው በካርቶን ታሽጎ ከሚሸጥ ኪት ነው። ሁለተኛዋን ደግሞ ከተጣለ እንጨት። የመጀመሪያዋን ክር ስትነኩት ጠረጴዛ በጥፍር እንደማንኳኳት ያለ ድምፅ ይወጣና ያበቃል። ሁለተኛዋ ግን ታዜማለች። ድምፅዋ ትንሽ ነው፤ ግን ጣታችሁን ካነሳችሁ በኋላም ለአፍታ ይቆያል፣ ቤቱ ጸጥ ካለ ደግሞ ከሚቀጥለው ክፍል ይሰማል።

ስለዚህ ግምገማዬ በዋናነት ስለ ኪቱ ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ከተለያየ ቦታ የሚወጡት ኪቶች በጣም ስለሚመሳሰሉ ለሌሎቹም ይሠራል ብዬ አስባለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ኪቱ ውስጥ ካለው ነገር በእውነት የሚጠቅማችሁ ሥዕሉና የቅርጽ መያዣው ነው። እንጨቱን ተዉት። ከእሱ የተሻለ እንጨት ቤታችሁ ውስጥ የሆነ ቦታ ተጥሎ አለ።

ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ ደስ ይላል። ሁሉም ነገር በየቦታው ተደርድሯል። በሌዘር የተቆረጡ 3 የፕላይውድ ገጾች አሉ፤ ከነሱ የፊት ጣውላው፣ የጀርባው ጣውላና ጎኖቹ ይወጣሉ። አንገቱ ግማሽ ተቀርጾ ነው የሚመጣው። የፍሬት (ክሩ በጣት ሲጫን የሚያርፍባቸው ቀጫጭን ብረቶች) መስመሮቹ የተሰነጠቁበት ጥቁር የተቀባ የጣት ሰሌዳ፣ ቀጭን የነሐስ ሽቦ፣ ናይለን ክር፣ ትንሽ ሱፐር ግሉ፣ ትንሽ ጠርሙስ ቫርኒሽ፣ አንድ የብርጭቆ ወረቀት። ከታች ደግሞ በትክክለኛ መጠኑ የታተመ ሥዕልና ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) የተሠራ ባለ ሁለት ግማሽ የቅርጽ መያዣ አለ።

ከመያዣው ልጀምር፤ ምስጋና የሚገባው እሱ ነውና። ጊታር ስትሠሩ ጎኖቹ እንደ ወገብ ገባ ወጣ ብለው ይታጠፋሉ። ሙጫው እስኪደርቅ ድረስ ያንን ቅርጽ የሚይዝ ነገር ከሌለ አንዱ ትከሻ ከሌላው ይበልጣል፣ ወገቡም ይጣመማል። በትልቅ ጊታር ላይ 2 ሚሊ ሜትር ስህተት ማንም አያየውም። በአንድ አራተኛዋ ላይ ግን ያው 2 ሚሊ ሜትር በትልቁ ላይ 8 ሚሊ ሜትር እንደማለት ነው፤ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። የኪቱ መያዣ ግራና ቀኙን አገላብጬ ስለካው ልዩነት አላገኘሁበትም። ጠርዙ በቀጥታ የቆመ ነው፣ ለመቆንጠጫም ምቹ ቦታ አለው። ሁለተኛዋንም ጊታር የሠራሁት በሱ ነው። ሦስተኛዋንም እሠራበታለሁ።

ሥዕሉም ጥሩ ነው። ቅርጹ ድሬድኖት የሚባለውን ትልቅ ሆድ ያለውን ዓይነት ይከተላል። የእውነተኛው ሆድ ወደ 508 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ታችኛው ስፋቱ 397፣ ላይኛው 292 ገደማ ነው። ለ4 ስታካፍሉት 127፣ 99 እና 73 ይሆናል። ሥዕሉ ላይ ያገኘሁት ከዚህ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢለይ ነው። የድምፅ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም ልክ ነው። አንድ ትልቅ ስህተት ግን አለበት። ፍሬቶቹ ጋ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ እንጨቱ። ፕላይውዱን በካሊፐር (ውፍረት በሚለካ መሣሪያ) ስለካው 1.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። በእጅ ሲይዙት ቀጭን ይመስላል። እኔም መጀመሪያ «እንዲያውም እንዳይሰበር» ብዬ በጥንቃቄ ነበር የምይዘው። ግን ቆም ብላችሁ አስሉት። የእውነተኛ ጊታር የፊት ጣውላ 2.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። አንድ አራተኛው 0.7 ይሆናል። ኪቱ የሰጠኝ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። 1.5 ሚሊ ሜትሩን መልሳችሁ ወደ ትልቁ ብትወስዱት ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ጣውላ ያለው ጊታር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጊታር የሚሠራ የለም፤ ቢሠራም አይሰማም።

ውፍረት ደግሞ ዝም ብሎ በልኩ አይደለም የሚከፋው። የአንድ ዓይነት እንጨት ውፍረት 2 እጥፍ ሲሆን ለመታጠፍ ያለው እምቢተኝነት 8 እጥፍ ይሆናል። ከ0.7 ወደ 1.5 ስንሄድ ወደ 10 እጥፍ እንጠጋለን። እንግዲህ በዚያ ላይ የተወጠሩት ክሮች ቀጭን የናይለን ክሮች ናቸው። አቅማቸው ትንሽ ነው። ያን የሚያህል ጣውላ ሊያነቃንቁ አይችሉም። የመጀመሪያዋ ጊታር ዝም ያለችው ስለዚህ ነው። እኔ መጀመሪያ ሙጫዬን ጠረጠርኩ፣ ከዚያ ክሩን ቀየርኩ፣ ከዚያ ድልድዩን (ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚያርፉበትን እንጨት) ነቅዬ እንደገና ለጠፍኩ፣ ይኼ ሁሉ ሲሆን አንድ ጊዜ እንኳ ጣውላውን መለካት አልመጣልኝም ነበር። ኪቱ «ለጌጥ» ተብሎ ቢሸጥ ምንም ቅሬታ የለኝም። ሳጥኑ ላይ ግን «የሚጫወት» ይላል። በዚህ ውፍረት አይጫወትም።

ሁለተኛዋን ለመሥራት ስነሳ ምንም አዲስ እንጨት አልገዛሁም። የፊት ጣውላው የወጣው ከድሮ መሳቢያ ወለል ነው። መሳቢያው ተሰባብሮ ከተጣለ ቆይቷል፤ ወለሉ ግን ፕላይውድ ሳይሆን አንድ ወጥ ጥድ ነበር። አንገቱ ከተሰበረ ወንበር እግር ነው። ጀርባውና ጎኖቹ መደርደሪያ ሲሠራ ከተረፈ የዋልነት ቁራጭ ናቸው። የጣት ሰሌዳው ቁጥሩ የጠፋ የእንጨት ማስመሪያ ነበር። እንዲህ ያሉ እንጨቶች አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ዓመታት ቤት ውስጥ ስለቆዩ ደርቀው አብቅተዋል። አዲስ እንጨት በዚህ ቅጥነት ስትሠሩበት አድራችሁ ስትነሱ ተጣሞ ታገኙታላችሁ። የመሳቢያው ወለል ግን መጣመሙን ተጣሞ፣ ማበጡንም አብጦ ጨርሷል።

እንጨት ስትመርጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጊታሩን በ4 ታሳንሱታላችሁ፤ እንጨቱ ላይ ያለው መስመር ግን አብሮ አያንስም። ኦክ ለምሳሌ ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ ናቸው። ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ያምራል፣ 10 ሴንቲ ሜትር በምትሰፋ ሆድ ላይ ግን ቦይ የተቆፈረባት ያስመስላታል። ማሆጋኒም እንደዚያ ነው፣ ትንሽ ይሻል እንጂ። ሜፕል፣ የፒር እንጨት፣ ቼሪ፣ እነዚህ ልስልስ ናቸው፤ ለትንሽ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። የኔ ዋልነት መካከለኛ ነበር፤ ከቁራጩ ውስጥ መስመሩ የተጠጋጋበትን ጥግ መርጬ ነው የቆረጥኩት። የመሳቢያውም ጥድ እንደዚያው፤ አንዱ ዳር መስመሩ ሰፊ ነበር፣ ሌላው ዳር ግን በጣም ጠባብና ቀጥ ያለ፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚቀራረብ ነበር። ከዚያኛው ዳር ወሰድኩ።

የመሳቢያው ወለል 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ አወጣሁና በጎኑ አቁሜ ለሁለት ሰነጠቅሁት። ሁለቱን ገጾች እንደ መጽሐፍ ገለጥኩና መሐል ላይ አጋጠምኳቸው። በትልልቅ ጊታሮች ላይ የምታዩት ግራና ቀኙ በመስታወት እንደታየ የሚመሳሰለው መስመር የሚመጣው ከዚህ ነው። እዚህ ጋ መጋዝ ወሳኝ ነው። ወፍራም መጋዝ የሚበላው እንጨት እናንተ ከምትፈልጉት ጣውላ ይበልጣል። እኔ ጥርሱ የደቀቀ፣ ጀርባው ላይ ብረት ያለው፣ ስስ የሞዴል መጋዝ ተጠቀምኩ። በቀስታ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎተት አድርጎ እያገላበጡ ነው። ከቸኮላችሁ መጋዙ ይንሸራተትና አንዱ ገጽ ከጫፍ ሰይፍ ይሆናል፤ እኔ የመጀመሪያውን ቁራጭ ያጣሁት እንደዚያ ነው።

ከዚያ ማሳሳት ነው። ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። በትንሽ መላጊያ እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር አወረድኩት። ከዚያ በኋላ መላጊያው እንጨቱን መቅደድ ስለሚጀምር ወደ ብርጭቆ ወረቀት ዞርኩ። ወረቀቱን ወፍራም መስታወት ላይ ለጠፍኩት። ጣውላውን ደግሞ በሁለት ፊት በሚያጣብቅ ፕላስተር ከአንድ ቀጥ ያለ ኩብ እንጨት ሥር ያዝኩትና ክብ እየሠራሁ ማሸት። በየደቂቃው እየነቀልኩ በ5 ቦታ እለካለሁ። ጣት የት ላይ እንደሚጫን አታውቁትም፤ ካሊፐሩ ግን ያውቃል። እኔ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ጥግ እጫን ነበር።

ከ0.8 በታች ስትደርሱ ደግሞ መብራት ይረዳችኋል። ጣውላውን ከመብራት ፊት ያዙት። ስስ ጥድ ብርሃን ያሳልፋል። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ብርቱካንማ ነገር ይታያል፣ ከዚያ ብርሃኑ ወደ መሐል ይገባል፣ መስመሮቹ ደግሞ እንደ ጥቁር ክር ተዘርግተው ይቀራሉ። ወፍራም የሆነበት ቦታ እንደ ደመና ጨለም ይላል። እዚያ ላይ ብቻ ታሻላችሁ። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሲሆን አቁማችሁ ጣውላውን በሁለት ጣት ጫፉን ያዙና በጥፍር ነካ አድርጉት። የኪቱ ፕላይውድ «ጠክ» ይላል። ይኼኛው ግን እንደ ስስ የቆርቆሮ ክዳን ያለ ረዘም ያለ ድምፅ አለው። ገና ጊታር ሳይሆን መስማቱ ልብ ያሞቃል።

«ታዲያ የተጣለ እንጨት እንዴት ጥሩ ጊታር ይወጣዋል?» የሚል ካለ ሁለት ታሪክ ልጥቀስ። አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ የሚባለው የስፔን ጊታር ሠሪ የዛሬውን ክላሲካል ጊታር ቅርጽ ያስያዘ ሰው ነው። በ1862 ጀርባዋና ጎኖቿ ከተጣበቀ ወረቀት የሆነ ጊታር ሠራ። የፊት ጣውላዋ ግን ትክክለኛ እንጨት ነበር። ለማሳየት የፈለገው የጊታር ድምፅ የሚወሰነው ከምንም በላይ በፊት ጣውላው መሆኑን ነው። ጊታሯ ዛሬም ባርሴሎና በሚገኘው የሙዚቃ ሙዚየም አለች። ሁለተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። በ1995 ቴይለር የተባለው የአሜሪካ ጊታር ኩባንያ መሥራች ቦብ ቴይለር የዕቃ መጫኛ ፓሌት ፈትቶ ከኦኩ ጀርባና ጎን፣ ከተራ የግንባታ እንጨት ደግሞ የፊት ጣውላ አውጥቶ ሙሉ ጊታር ሠራ። የኩባንያው በጣም ከሚታወቁ ጊታሮች አንዷ ሆነች። እኔ ከነዚህ ሰዎች ጋር ራሴን አላነጻጽርም፤ ግን የመሳቢያ ወለል አላሳፈረኝም።

ጎኖቹን ማጠፍ ኪቱ በጣም ያሳዘነኝ ቦታ ነው። መመሪያው «10 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ በመያዣው ላይ ጠቅልሉ» ይላል። ፕላይውድ በመካከሉ ያለው ንብርብር መስመሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው፤ በውኃ ብቻ እሺ አይልም። ወገቡ ጋ ሲደርስ «ቀሽ» አለና ላይኛው ንብርብር ተላጠ። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሙጫ ጠግኜ ነው የጨረስኩት፤ ጠባሳው ዛሬም ይታያል።

እንጨት የሚታጠፈው በሙቀት ነው። ውኃው እንጨቱ እንዳይቃጠልና ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዲገባ ይረዳል እንጂ ለብቻው ብዙ አይሠራም። ለዋልነቱ ፀጉር የሚጠቀልለውን ክብ መተኮሻ ተጠቀምኩ። ጎኑን 0.6 ሚሊ ሜትር አድርጌ አሳስቼዋለሁ። ለጥቂት ደቂቃ ነከርኩት፣ መተኮሻውን በሞርሳ አሰርኩትና እንጨቱን ላዩ ላይ አደረግኩት። መጀመሪያ ይንጨረጨራል፣ እንፋሎት ይወጣል፣ የተጠበሰ ለውዝ የሚመስል ሽታ ይሸታል። በዚያን ጊዜ መጫን የለባችሁም። እንጨቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ትንሽ ብቻ ታስደግፉታላችሁ። ከዚያ ድንገት ልክ እንደ ቆዳ ለስለስ ይላል። እጃችሁ ይሰማዋል። እንጨቱ እምቢ ማለቱን ያቆማል። ያኔ ወደ ወገቡ ታወርዱታላችሁ፣ ለጥቂት ሰከንድ ይዛችሁ ትቆዩና ከሙቀቱ ስታነሱት እዚያው ቅርጹ ላይ ይቀዘቅዛል። ወገቡን ቀድማችሁ እጠፉ፣ ትከሻውንና ታችኛውን በኋላ። ወገቡ ጠባብ ስለሆነ መሰበር የሚወደው እሱ ነው፤ ቢሰበርም ገና ብዙ ሳትለፉበት ይሁን። እጃችሁን ደግሞ በወፍራም ጓንት ጠብቁት፣ የመተኮሻው ብረት 200 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

ስለ ሙጫ ብዙ አልልም። ከኪቱ የመጣው ሱፐር ግሉ ፈጥኖ ስለሚይዝ ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም፤ እንጨት ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ቫርኒሹ ሲነካው ነጠብጣብ ይሆናል። ተራ የአናጺ ኮላ ይበልጣል። ግን በጣም በትንሹ፣ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ። ኮላ ውኃ አለው፤ 0.7 ሚሊ ሜትር ጣውላ አንድ ፊቱ ብቻ ሲረጥብ እንደ ቅጠል ይጠቀለላል። እኔ ድጋፎቹን ስለጥፍ ጣውላውን በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መሐል ጨፍልቄ አሳደርኩት። ለጠርዙ ደግሞ የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል፣ 30 ያህል ካላችሁ።

ከፊት ጣውላው ሥር የሚለጠፉት ድጋፎች ላይም ኪቱ አሳጥሮታል። ሁለት ወፍራም አግዳሚ ብቻ ነው የሰጠው። ድሬድኖት ላይ ግን የሚጠበቀው ኤክስ ቅርጽ ነው፤ ማርቲን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጊታሮች ከ1840ዎቹ ጀምሮ የሚታወቁበት። ሁለት ስስ ዘንጎች ከድምፅ ቀዳዳው በታች ተሻግረው ያልፋሉ፣ መገናኛው ላይ እያንዳንዱ ግማሹ ተቆርጦ እርስ በርስ ይገጥማል። እኔ ከተረፈው ጥድ 1.5 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላቸው ዘንጎች ሠንጥቄ፣ ጫፎቻቸውን በስለት አሹዬ ለጠፍኳቸው። አንዴ ከተዘጋ ማንም አያያቸውም። ቢሆንም በድምፅ ቀዳዳው በኩል በትንሽ ባትሪ ሳበራ ያንን ኤክስ ማየት ደስ ይለኛል።

አሁን ያ የሥዕሉ ስህተት። ኪቱን የገዛችሁ ሰዎች ይህን አንቀጽ አትዝለሉት። የፍሬት ሕግ ቀላል ነው። 12ኛው ፍሬት ክሩ ከሚጀምርበት እስከ ድልድዩ ባለው ርዝመት ልክ መሐል ላይ መሆን አለበት። ሥዕሉ ድልድዩን ያስቀመጠው 162 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ 12ኛው 81 ላይ መሆን ነበረበት። የጣት ሰሌዳው ላይ የተሰነጠቀው ግን 79 ላይ ነው። ሌሎቹንም ስለካቸው ሁሉም የተሰሉት ለ158 ሚሊ ሜትር ነው። ሰሌዳው ራሱ ትክክል ነው፣ ሥዕሉም ቅርጹ ትክክል ነው፣ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። ሥዕሉን ተከትላችሁ ከለጠፋችሁ 12ኛው ፍሬት ላይ ስትይዙ ድምፁ የግማሽ ቶን (ከአንድ ፍሬት እስከ ቀጣዩ ያለው የድምፅ ልዩነት) ግማሽ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይወርዳል። ጆሮ ይቆረቁራል። መፍትሔው ድልድዩን 4 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ማምጣት ነው፤ 158 ላይ። ከመለጠፋችሁ በፊት ግን! እኔ ያወቅሁት ከለጠፍኩ በኋላ ነው፣ ድልድዩን ስነቅል ደግሞ የፕላይውዱ ላይኛው ንብርብር አብሮ ተነሳ።

ለሁለተኛዋ ራሴ አሰላሁ። የእውነተኛው ጊታር የክር ርዝመት 645 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የኔ 161 ሆነ። 161ን ለ17.817 (ፍሬት ለማስላት ለሚያገለግለው ቋሚ ቁጥር) ታካፍላላችሁ፤ 9.04 ይመጣል። የመጀመሪያው ፍሬት እዚያ ነው። የቀረውን 151.96 እንደገና ለ17.817፤ 8.53። እንዲህ እያላችሁ ትቀጥላላችሁ፣ እየተጠጋጋ ይሄዳል። 12ኛው ላይ ስትደርሱ 80.5 ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው። ሁሉንም ልኬት ከአንድ ጫፍ ብቻ ለኩ፤ ከፍሬት ወደ ፍሬት እየተሻገራችሁ ከለካችሁ ትንንሽ ስህተቶች ይደማመራሉ። ከኪቱ የመጣውን የነሐስ ሽቦ ግን ተጠቅሜበታለሁ። ቀጥ ያለ፣ የማይዝግ፣ ለመጠኑ ልክ የሆነ ሽቦ ነው። ለሱ ሙሉ ነጥብ።

ክሩም ላይ ኪቱ አላሰበበትም። ስድስቱም ክሮች አንድ ዓይነት ውፍረት ናቸው። የክር ርዝመት ወደ አንድ አራተኛ ሲያጥር፣ ክሩና ውጥረቱ ሳይቀየር ድምፁ 4 እጥፍ፣ ማለትም 2 ኦክታቭ (አንድ ኦክታቭ ድምፁ በእጥፍ ሲቀጥን ነው) ይወጣል። ስለዚህ ትንሿን ጊታር እንደ ትልቋ እቃኛለሁ ብትሉ ክሮቹ ላልተው ይንጠለጠላሉ። እኔ ከመደበኛው 1 ኦክታቭ ከፍ አድርጌ ቃኘኋት። ለቀጫጭኖቹ ከ0.3 ሚሊ ሜትር ጀምሮ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን። ለወፍራሞቹ ናይለን ብቻውን አልሆነም፤ እየላላ ፍሬቱን ይነካል። መጨረሻ ላይ ከእውነተኛ ክላሲካል ጊታር የወረደ፣ ብረት የተጠመጠመበት አሮጌ 4ኛ ክር ቆርጬ 6ኛ አደረግሁት። ተስማማ። የተጣለ ክር እንኳ ቦታውን አገኘ።

የመጨረሻው ቀለም ነው። የኪቱ ቫርኒሽ ወፍራም ነው፣ እንደ ማር ይዘረጋል። አስቡት፣ ጣውላችሁን በስንት ልፋት 0.7 ካደረሳችሁ በኋላ ላዩ ላይ የፕላስቲክ ልባስ ልትደርቡበት ነው። እኔ ሼላክ የሚባለውን የተፈጥሮ ቅብ በአልኮል አቅጥኜ፣ በጥጥ የታጨቀ የጨርቅ ቋጠሮ ጫፉን ብቻ እየነከርኩ ቀባሁ። ቶሎ ይደርቃል፣ እንጨቱን ያሞቀዋል፣ ክብደት የለውም። ዋልነቱ የመጀመሪያውን ቅብ ሲጠጣ የሚያወጣውን ቀለም ዝም ብላችሁ ማየት ነው።

ለኪቱ ከ5 2.5 እሰጠዋለሁ። መያዣው፣ የሥዕሉ ቅርጽና ሽቦው 5 ከ5 ይገባቸዋል። ፕላይውዱ፣ ክሩና ቫርኒሹ 1 ከ5። አምራቹ እንጨቱን አውጥቶ መያዣውን፣ የተስተካከለ ሥዕልና ሽቦውን ብቻ ቢሸጥ ደጋግሜ ለወዳጆቼ እገዛ ነበር። ልጅ ይዛችሁ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለመገጣጠምና መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ ከሆነ እንዳለ ግዙት፣ ያምራል። እንድትጫወት ከፈለጋችሁ ግን መያዣውን አስቀሩና አንድ የተሰበረ መሳቢያ ፈልጉ። ካሊፐር ደግሞ አይቅርባችሁ።

ከመሳቢያው ወለል እስካሁን የተጠቀምኩት ሲሶውን ነው። ጠባብ መስመር ያለው ዳር ሌላ አንድ የፊት ጣውላ ይወጣዋል። ትናንት ማታ በእርሳስ አስምሬበት አድሬያለሁ። በዚህኛው 0.6 ልሞክር ነው።